ፀሐይዋ ትቆይ፣ ጋኑ ተሰንጥቋል

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። አራቱም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ፤ ታሪክ ከየት ይጀመራል? እኔ 34 ዓመት ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ በረንዳ ላይ ሰባት ስምንት ልጆች ይሰበሰባሉ። እነሱ ይጽፋሉ፣ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ። የምመልሰውም እዚያ በረንዳ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኮምቦልቻ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ የልጆች ታሪክ እናስነብባለን። ችግሩ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰልፉ በሙሉ የራሱን ወሬ ይጀምራል። አልፈርድባቸውም። ሁሉም አጀማመር አንድ ዓይነት ነው፤ ‹ከዕለታት አንድ ቀን›፣ ‹ፀሐይ ብርሃኗን ስትፈነጥቅ›። ‹አጓጊ መግቢያ ጻፉ› ስላቸው ደግሞ ‹ኡኡ!› ‹ድው!› እያሉ ይጀምራሉ። 31 ድርሰት በሚኒባስ ረዳት ልኬልዎታለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?»
መምህርት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብተሮቹ ደርሰውኛል። ረዳቱ ፌስታሉን መናኸሪያ ለምትሠራ ሻይ ሻጭ ሰጥቶልኝ ሄዶ ኖሮ፣ ሁለቱ ላይ ሻይ ፈሷል። ይቅርታ በይልኝ። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ። ከ31ዱ 19ኙ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። አንዱ ላይማ ሁለቴ ትወጣለች።

ፀሐይ ጠልቼ አይደለም። ግን የማን ፀሐይ ናት? ደሴ ላይ ክረምት ጠዋት የሚቀድመን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ነው። ባጃጆቹ በጠዋት መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። እናንተ ጋ ደግሞ ሌላ አገር ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወስዳል። ደሴ ሹራብ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ሐረጎን፣ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሹራቡ ክንዱ ላይ ነው። ልጆችሽ ይህን ሁሉ ያውቁታል። እስክሪብቶ ሲያነሱ ግን የሰው ፀሐይ ተውሰው ይመጣሉ።

ለምን ቢባል፣ ድርሰት የክት ልብስ ይመስላቸዋል። እንዲያ ያስተማርናቸው እኛ ነን። ሰሌዳ ላይ ‹መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ› ብለን ጻፍን። መግቢያ ማለት ስለ ምን እንደምንጽፍ የምናስተዋውቅበት ነው አልን። ስለ ንብ ጥቅም ለሚጻፍ ድርሰት ይህ ትክክል ነው። ታሪክ ላይ ሲመጣ ግን፣ ልጁ ታሪኩን ከመንገሩ በፊት በር ላይ ቆሞ የቤቱን ካርታ ማስረዳት ይጀምራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ‹የማልረሳው ጉዞ› የሚል ርእስ ሰጠኋቸው። ልጁ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

‹አባቴ ሐረጎ ላይ አያወራም።›

በቀይ አሰመርኩበት። ጎኑ ላይ ‹መግቢያ የለውም› ብዬ ጻፍኩ። ከ10 4 ሰጠሁት። የሚቀጥለውን ድርሰቱን ‹ጉዞ ማለት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መንቀሳቀስ ሲሆን› ብሎ ጀመረ። 8 ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው። ሲጨዋወት የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ዝም አለ። ያን ጊዜ ያ ዓረፍተ ነገር ድንገት መጣብኝ። አራት ቃል ነው። አባት አለበት፣ ቦታ አለበት፣ ፍርሃት አለበት፤ ‹ፍርሃት› የሚል ቃል ግን የለበትም። ልጁም አለ፤ ጎን ተቀምጦ የአባቱን ፊት ያያል። ስንት ጊዜ አብሮት ቢሄድ ነው ይህን ያወቀው? አባትየው ለምን እንደማያወራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐተታውን መች በደንብ አነበብኩት፣ ነጥብ እየቆረጥኩ ነበር።

ስለዚህ አንደኛው ምክሬ፣ ከእስክሪብቶው በፊት አፋቸውን አስከፍቺ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሮጦ ሲገባ እናቱን ምን ይላታል? ‹እማዬ፣ ከዕለታት አንድ ቀን በኮምቦልቻ ከተማ› ይላል እንዴ? ‹እማዬ ሰማሽ፣ በግ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገብቶ የማይኩን ገመድ በላው!› ነው የሚለው። ከ‹ሰማሽ› ቀጥሎ የሚመጣው ነገር መግቢያው ነው። ማንም አላስተማረውም። ተፈጥሮው ነው።

ይህን ወደ ክፍል ለማምጣት እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ደብተር ይዘጋል። አንዱ ለሌላው ታሪኩን ይነግረዋል። የአድማጩ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ‹እና?› ያለበትን ቦታ መያዝ። ከአፉ ሲያመልጠው ማለቴ ነው፤ በይሉኝታ የሚባለው ‹እና› አይቆጠርም፣ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩታል። ያንን ‹እና?› ያመጣው ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ አንደኛ ይሆናል። ከሱ በፊት የተነገረው በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አለዚያም ይጣላል። አብዛኛው ይጣላል።

አንድ ቅዳሜ የሆነውን ላሳይሽ። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው። የጻፈችው ይህን ነበር፦

‹ከዕለታት አንድ ቀን ፀሐይ ብርሃኗን በምትፈነጥቅበት ጊዜ በደሴ ከተማ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረች። የልጅቷ እናት ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን የሚያስተዳድሩ ታታሪ ሴት ነበሩ። በቤታቸውም አንድ ትልቅ ጋን ነበረ። ጋኑም ከአያታቸው የተወረሰ ነበረ። ከዕለታት አንድ ሌሊት ጋኑ ተሰነጠቀ።›

መቀስ አመጣሁ። «ከየት ልቁረጥልሽ?» አልኳት። ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። በቃ ተዪው፣ አልቆርጥም፣ ንገሪኝ አልኳት።

«ምን ልንገርዎት፣ ጋኑ ተሰነጠቀ።»

«ማን አየው?»

«እማዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጠዋት ነው የሰማሁት። እማዬ እስኪነጋ አልቀሰቀሰችንም። ጠላው ወለሉ ላይ ሲፈስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነበር አሉ።»

ሌሎቹ ልጆች መጻፍ አቆሙ። እኔም ስኒዬን አስቀመጥኩ። «ይኸው፣ አሁን ያልሽውን ጻፊው» አልኳት። ጻፈች፦

‹ጋኑ ሌሊት ተሰነጠቀ። እማዬ እስኪነጋ ለማንም አልነገረችም።›

ፀሐይዋ ቀርታለች። ጎበዟ ተማሪም ቀርታለች፤ ‹እማዬ› ስትል ተራኪዋ ልጅ መሆኗ ገብቶናላ። ‹ታታሪ› የሚለውም አላስፈለገም፤ ሌሊቱን በሙሉ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት አየን። ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋኑ የአያት ቅርስ መሆኑ አሁን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ መጣ። መጀመሪያ ላይ ሲነገረን ዝም ብሎ ዕቃ ነበር። ከተሰነጠቀ በኋላ ስንሰማው ሆዳችን ተላወሰ። መረጃው ያው ነው፤ ቦታው ነው የተቀየረው።

አሁን ትንሽ ሰዋስው ልበል፣ አትሰልቺኝ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ልጆች ደግሞ ግሡ እስኪመጣ ያለውን ቦታ ልክ እንደ ሚኒባስ ያጭቁታል። ከላክሽልኝ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ‹ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ እናቴ አደራ ብላ የሰጠችኝን ዘንቢል ታቅፌ በተቀመጥኩበት ሰዓት ዘንቢሉ ተነቃነቀ።› ዘንቢሉ እስኪነቃነቅ አንባቢው ‹ወራጅ አለ› ብሎ ወርዷል። ገልብጪው፦ ‹ዘንቢሉ ተነቃነቀ። እናቴ ሽንኩርት ነው ብላኝ ነበር።› ሚኒባሱ፣ የኋላ ወንበሩ፣ አደራው በኋላ በየተራቸው ይግቡ።

ግሣችን ደግሞ ባለቤቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ‹አልተመለሰችም።› ይኸው አንድ ቃል። ሴት ናት፣ አንድ ናት፣ ሄዳ ነበር፣ ቀረች። አንባቢው ‹ማን?› ሳይል አያልፍም። ‹ሌሊት መጡ› ቢልሽስ አንዱ ተማሪ? አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው ወይስ ብዙ ሰው ነው የመጣው? አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እስኪመጣ አንባቢ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን በነፃ ያገኘነውን ነገር ልጆች ጣጥለው ‹አንድ ሽማግሌ ነበሩ› ብለው ይጀምራሉ።

ከሁሉ የምወደውን ልንገርሽ። ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ‹ገንዘቡን ወሰድኩት።› ‹ገንዘቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ።› ነገሩ አንድ ነው፣ ገንዘቡ ተወስዷል። ግን ሁለተኛው ሲነገር ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል፤ የተጠረጠረ ሰው። ምናልባት ተገርፎም ይሆናል። ስሙ አልተጠራም፣ ግን አለ። ክፍሉን ‹ማን ነበር የተገረፈው?› ብለሽ ጠይቂ። እኔ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው እጁን ያወጣው፤ ‹ታናሽ ወንድሙ!› ‹ሠራተኛዋ!› ‹እሱ ራሱ እያየ!› አሉኝ። ሦስት ታሪክ ከአንድ መስመር ወጣ።

‹ነበር›ን በተመለከተ ብዙ አልልም። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያለውን ‹ነበር› ሁሉ ያክብቡት። ከሁለት ከበለጠ አንዱን ያባርሩ። ወንጀል ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ሰማዩ ነበር፣ ዛፉ ነበር፣ ልጁ ነበር ሲባል ሁሉም እንደተኛ ይቀራል።

‹ኡኡ!› እና ‹ድው!› የመጡት ‹አጓጊ› ስላልሽ ነው። ማጓጓት ልጅ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ጩኹ ያልሽ ነው የመሰላቸው። ለመጀመሪያው ጩኸት ሰው ዞር ይላል፤ ለሰባተኛው ማን ይዞራል? ይልቅ ‹መጀመሪያ የተበላሸው ነገር ምንድን ነው?› ብለሽ ጠይቂ። ወይም ‹ሰውየው የፈለገውና ያጣው ምንድን ነው?› ለዚህ መልስ አላቸው።

ሚኒ ሚዲያው ላይ ደግሞ ሙሉ ታሪክ አታስነብቢ። ዓርብ የአምስት ልጆች ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይነበብ። ስም አይጠራ። የማን ይቀጥል ብለሽ በጭብጨባ ይመረጥ። የተመረጠው ሰኞ በሙሉ ይነበባል። ስም አይጠራ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እኔ አንዴ ስም ጠርቼ፣ ያልተጨበጨበለት ልጅ ክበቡን ትቶ ሄዷል።

ጥያቄ፦ «ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ታሪክ መጻፍ ትወዳለች ግን አንድ መስመር ትጽፍና ታጠፋለች፣ ትጽፍና ታጠፋለች። ከዚያ ወረቀቱን ቀዳ ታለቅሳለች። በአንድ ሳምንት አንድ ደብተር አለቀ። ባስተዋት ይሻል ይሆን?»
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ ኧረ እንዳያስተዋት! አብሽሪ ይበሏት። ችግሯ መጻፍ አይደለም፣ የመጀመሪያው መስመር መጀመሪያ መጻፍ ያለበት መስሏት ነው። ከገጹ አናት ስምንት መስመር ባዶ ይተውላትና ከዘጠነኛው እንድትጀምር ያድርጉ፤ የፈለገችበት ቦታ፣ መሀሉም ቢሆን። ባዶው በኋላ ይሞላል። እኔ ራሴ የዚህን ዓምድ የመጀመሪያ አንቀጽ የጻፍኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሌላው ካለቀ አራት ቀኑ።

ላጲሱን ደግሞ ለጊዜው ይደብቁት። ደግ ነገር ይመስላል እንጂ ላጲስ ብዙ ጸሐፊ ልጅ ነው ያስቀረው። ቃል ካልጣማት አንድ መስመር ታስምርበትና ትለፈው። ነገ ተመልሳ ልትወደው ትችላለች።

ሌላም አለ። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ትቀመጥ። አቦሉ እስኪወርድ ታሪኩን ትንገርዎት። ቶናው ላይ ደብተር ይዘው እርስዎ ይጻፉላት፣ ልክ እንዳለችው፣ አንድም ቃል ሳያስተካክሉ። ‹ሰውዬው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ› ካለች ሦስቱንም ሄደ ይጻፉ። በረካው ላይ ያንብቡላት። በእርግጠኝነት የሆነ ቦታ ላይ «እንዲያ አላልኩም!» ትላለች። ያኔ እስክሪብቶውን ይስጧትና እርስዎ ስኒ ይጠቡ።

ጥያቄ፦ «ጋሽዬ ሰላም ነው? 16 ዓመቴ ነው። ታሪኬ የሚጀምረው ደም በደም በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ሬሳ አለ፣ ቢላ አለ። ከዛ ዋናው ገጸ ባሕርይ ይነቃል፣ ለካ ሕልም ነው። ጓደኞቼ ‹ቀውጢ ነው› አሉኝ። የአማርኛ መምህራችን ግን ፊታቸውን ነው ያጨፈገጉት። ማን ነው ልክ?»
ወጣቱ ጸሐፊ፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህርህ። ፊት ማጨፍገጋቸው ልክ ባይሆንም።

ከሕልሙ ልጀምር። ሰው ቤትህ ጠርተህ፣ ወጡን አቅርበህ፣ እጁን ሲዘረጋ ‹ፕላስቲክ ነው፣ ለጌጥ ነው› ብትለው ምን ይልሃል? ሁለተኛ ስትጠራው አይመጣም። አንባቢም እንደዚያው ነው። ሦስት ገጽ አምኖህ ፈርቶልሃል። ፍርሃቱን ነጥቀህ ‹ተሸወድክ› ስትለው፣ ቀጥሎ የእውነት ሬሳ ብታመጣም አያምንህም።

ደሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙዎቻችን ቤታችንን ቆልፈን ወጥተናል። አንተም ያኔ ልጅ ብትሆንም ታስታውሰዋለህ። ከተመለስን ወዲህ ስለዚያ ሰሞን የተጻፈ ብዙ ነገር በረንዳዬ ላይ አንብቤያለሁ። ደም ያለባቸው ገጾች ብዙ ናቸው፣ እውነትም ናቸው፤ ግን እርስ በርስ ተደባልቀውብኛል። አንዷ ልጅ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ ‹ከመውጣታችን በፊት እማዬ ዶሮዎቹን ለቀቀቻቸው።› ይህቺ አልተደባለቀችብኝም። ዶሮዎቿን የምትለቅ ሴት መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። ልጅቷ ግን እንዲያ ብላ አልጻፈችም። ዶሮዎቹን ብቻ ጽፋ አለፈች።

ያንተ ሬሳ ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ስለዚህ አላዘንኩለትም። ከመሞቱ አንድ ሰዓት በፊት የሆነ ነገር ሲፈልግ አሳየኝ። ትንሽ ነገር ይሁን። ሱሪውን ሊያስጠብብ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ፣ ‹ነገ ና› ተብሎ ይመለስ። ነገ እንደማይመጣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ገና አላውቅም። ከልብስ ሰፊው ጀምርና ላክልኝ። ለጓደኞችህም አንብብላቸው፤ ‹ቀውጢ ነው› ካላሉህ፣ ዝም ማለታቸውን ብቻ ልብ በል።

ጥያቄ፦ «ባለፈው እትም ‹ከዕለታት አንድ ቀን›ን ስታጣጥል አነበብኩ። እኛ ‹ተረት ተረት› ሲባል ‹የላም በረት› ብለን ያደግን ነን። መምህር ሆነህ ባህል ታጠፋለህ ወይ?»
የ78 ዓመት አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርዎት፣ ቁጣዎ ገብቶኛል። እኔም ያደግሁት ‹የላም በረት› እያልኩ ነው። ግን አንድ ነገር ያስታውሱ። ‹ተረት ተረት› ያሉት አያትዎ ናቸው፤ ‹የላም በረት› ያሉት እርስዎ ነዎት። ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። ውል ነው፤ ‹ልንገርህ?› ‹ንገሩኝ› ነው። በዚያ ላይ የአያት ድምፅ አለ፣ ጨለማው አለ፣ ምድጃው አለ። አያትዎ ‹ከዕለታት አንድ ቀን› ብለው ትንሽ ዝም ሲሉ ያቺ ዝምታ ሥራ ትሠራለች። ወረቀት ላይ ዝምታዋ የለችም፤ ‹የላም በረት› የሚልም የለም። ልጁ የውሉን ግማሽ ብቻ ነው የሚገለብጠው። ለቃል ተረትማ አሁንም በዚያው ነው የማስጀምራቸው፣ መልሱን ደግሞ በአንድ ድምፅ ይጮሁታል።

እንዲያውም አጀማመር የተማርኩት ከእናንተ ከትልልቆቹ ነው። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩትን አዳራሽ ስም ይመልከቱ፤ አይጠየፍ። ‹ታላቁ የግብር አዳራሽ› ቢባል ኖሮ ሰው ሰምቶ ያልፍ ነበር። አይጠየፍ ሲባል ግን እንግዳ ሁሉ ‹ማነው የማይጠየፈው? ማንን ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ጠየቀ ማለት ታሪኩ ተጀመረ ማለት ነው፤ ሀብታምና ድሃ አብሮ ይበላበት የነበረ ቤት መሆኑ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል።

‹እንቆቅልህ› ‹ምን አውቅልህ›ም አለ። እንቆቅልሽ ምልክቱን ይሰጥዎትና ስሙን ይደብቃል። ቅዳሜ ልጆቹን ለማሟሟቅ የምጠቀመው እሱን ነው፤ አንድ ነገር ስሙን ሳይጠሩ በሁለት መስመር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐምሌ አንዱ ‹ሳይጠሩት ይገባል፣ በር አያንኳኳም። እናቴን ከአንገቷ በላይ ወሰዳት› ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ደነገጥን። ጉሙን ነው ለካ! እናቱ በጠዋት ወደ ገበያ ስትሄድ መስኮት ላይ ቆሞ ያየውን ነው የጻፈው።

ማሲንቆውንም አንርሳ። ቅኝቶቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው፣ ለእኛ ማን ይነግረናል። አዝማሪ አፉን ሳይከፍት ይቃኛል፣ ሁለት ሦስቴ ገፋ ሲያደርገው በምን እንደሚዘፍን ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የመጀመሪያዋ መስመርም እንደዚያ ናት። ‹ጋኑ ሌሊት ተሰነጠቀ› ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ ቀልድ የሚደረድር ልጅ፣ በትዝታ ቃኝቶ ሌላ እንደዘፈነ ነው የምቆጥርበት። እና ጋሼ፣ ባህሉን አልጣልኩትም። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ነን፤ ቢመጡና ለልጆቹ አንድ ተረት ቢያወሩላቸው ደስታዬ ነው። ‹የላም በረት› የሚልልዎት አያጡም።

መምህርት፣ አንድ ነገር ረስቼ። ሻይ ከፈሰሰባቸው ሁለት ደብተሮች አንዱ ላይ ስሙ ጠፍቷል። ሁለተኛው ገጽ ከታች እንዲህ ይላል፦ ‹እናቴ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወጣለች።› ከዚያ ወዲያው ‹ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት› ብሎ እስከ መጨረሻው ስለ ፋብሪካ ነው የሚያወራው። ማንን ላለመቀስቀስ ነው ጫማዋን የምትይዘው? እባክሽ የማን ደብተር እንደሆነ አጣሪና ጠይቂልኝ። ደብተሮቹን በዚያው ረዳት እልካቸዋለሁ፤ አሁን ግን በሁለት ፌስታል።